ጤፍ ውስጥ ያለው ብረት የማን ነው?

ከአክስቴ ቤት ያመጣሁት ጤፍ አንድ የሻይ ብርጭቆ ቢሞላ ነው። ቀይ ጤፍ ነው፤ ከአድአ መረሬ መሬት የታጨደ፣ እበት በተለቀለቀ አውድማ ላይ በበሬ የተወቃ። አክስቴ በላስቲክ ቋጥራ ስትሰጠኝ፣ "ቀይ ጤፍ ደም እንደሚሆን እናቴም ታውቅ ነበር። አሁን ለዚህ ማሽን አስፈለገው?" አለችኝ። መልስ አልሰጠኋትም። ጤፉን ይዤ አዲስ አበባ ወደሚገኝ አንድ ላብራቶሪ ሄድኩ።

የተቀበለችኝ ወጣት ኬሚስት ናት። ጤፉን አይታ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ለሁለት መክፈል ነበር። ግማሹን እንዳለ አስቀመጠችው። ሌላውን በቀጭን የላስቲክ ወንፊት ላይ አድርጋ፣ ምንም ማዕድን በሌለበት የተጣራ ውሃ ደጋግማ አጠበችው። የመጀመሪያው እጣቢ ድፍርስ፣ አመድማ ነበር። ሁለተኛው ሳሳ፤ አራተኛው ላይ ውሃው ጠራ።

"ጋሼ፣ የመጀመሪያውን እጣቢ አይተውታል?"

"አይቼዋለሁ። አፈር ነው መሰለኝ።"

"ይያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን" አለችና ሁለቱንም ምድብ ለማድረቅ ወደ ምድጃው ወሰደቻቸው።

ጤፉ ሲደርቅ የፈጨችው በወፍጮ ሳይሆን በሸክላ ሙቀጫ ነው። ማንኪያዋ ላስቲክ ነው። ብርጭቆዎቿ በሙሉ ሌሊቱን ናይትሪክ አሲድ ውስጥ ተዘፍዝፈው ያደሩ ናቸው። ብረት የሚለካ ሰው ብረት ከሆነ ነገር ሁሉ ይሸሻል፤ ይህን እኔም በራሴ አይቼዋለሁ። ተማሪ ሳለሁ ናሙናዬን ሰፈር ወፍጮ ቤት አስፈጭቼ አንድ ሳምንት ሙሉ ለካሁት። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሲመጣ ደስ አለኝ። መምህሬ "በምን ተፈጨ?" ብለው ሲጠይቁኝ ነው ነገሩ የገባኝ። ከወፍጮው ጥርስ የተፋቀው ብረትና የእህሉ ብረት አንድ ላይ ተደባልቀው ነበር፤ ልለያቸው ስለማልችል ሁሉንም ደፋሁት።

ኬሚስቷ ከእያንዳንዱ ዱቄት ግማሽ ግራም መዘነች። ግማሽ ግራም ጤፍ ማለት ወደ 1,500 ፍሬ ነው። አሲድ ጨምራ ጭስ መሳቢያው ሥር በትኩስ ምጣድ ላይ አስቀመጠችው። ቡናማ ጭስ ተነሳ፤ ዱቄቱ ቀስ በቀስ ሟሟ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ የቀረው ውሃ የመሰለ ጥርት ያለ ፈሳሽ ነው። እንጀራ የሚሆነው ነገር በሙሉ፣ ስታርቹም ፕሮቲኑም፣ ጋዝ ሆኖ ሄዷል። ማዕድኑ ብቻ ፈሳሹ ውስጥ ቀርቷል። ይህንን በተጣራ ውሃ አሟልታ 50 ሚሊ ሊትር አደረሰችው።

ማሽኑ አቶሚክ አብዞርፕሽን ይባላል፤ ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠሩት ሰዎች በአጭሩ ኤኤኤስ ይሉታል። ጠረጴዛ ሙሉ የሚይዝ ሣጥን ነው። መሀሉ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ከላይ ቀጭን ስንጥቅ ያለበት የነበልባል ማውጫ አለ። ከግድግዳው ጋር በሰንሰለት የታሰረው ሲሊንደር በያጆች የሚያውቁት አሲቲሊን ነው። ኬሚስቷ ነበልባሉን ከመለኮሷ በፊት ጎንበስ ብላ ከማሽኑ ሥር ወደ ጀሪካን የሚወርደውን የላስቲክ ቱቦ አየች። ቱቦው እንደ እጅ መታጠቢያ መውረጃ ታጥፎ ውሃ መያዝ አለበት። ውሃው ከሌለ ጋዙ በዚያ በኩል ይወጣል፤ እሳቱም ወደ ውስጥ ሊመለስ ይችላል። ውሃው በቦታው መሆኑን አረጋግጣ ለኮሰችው። ከስንጥቁ ላይ ሰማያዊ የእሳት መጋረጃ ቆመ።

ማሽኑ የሚሠራበትን ነገር የጋዝ ምድጃ ያለው ቤት ሁሉ አይቶታል። ሽሮ ገንፍሎ ሲፈስ ሰማያዊው ነበልባል ድንገት ብጫ ይሆናል። ያ ብጫ የጨው ነው። ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም እሳቱ ውስጥ ገብቶ ይተንናል፤ ከሙቀቱ ጉልበት ይወስዳል። ጉልበቱን ይዞ መቆየት ስለማይሆንለት ወዲያው በብርሃን መልክ መልሶ ይለቀዋል። የሚለቀው ደግሞ የተገኘውን ቀለም ሁሉ ሳይሆን የሞገድ ርዝመቱ 589 ናኖ ሜትር ገደማ የሆነውን ብጫ ነው። መዳብ ቢሆን አረንጓዴ፣ ፖታሲየም ቢሆን ሐምራዊ ይሰጣል። እያንዳንዱ ብረት የራሱ ብርሃን አለው፤ ከሌላው ጋር አይጋራውም።

ይህ የነገሩ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ክራር የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ሁለት ክራሮች በአንድ ቅኝት ተቃኝተው ጎን ለጎን ቢቀመጡና የአንዱ አውታር ቢመታ፣ የሌላው ክራር አቻ አውታር ማንም ሳይነካው ይርገበገባል። ሌሎቹ አውታሮች ዝም ይላሉ። አቶምም እንዲሁ ነው፦ የሚሰጠውን ብርሃን መልሶ መዋጥ ይችላል፤ የሌላውን ግን እንዳለ ያሳልፈዋል።

ሰዎች ይህንን መዋጥ ያዩት መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1814 በባቫሪያ ሌንስ ይሠራ የነበረው ዮሴፍ ፍራውንሆፈር የፀሐይን ብርሃን በመስታወት በትኖ ሲመለከት በቀስተ ደመናው ቀለማት ላይ ከ500 በላይ ጥቁር መስመሮች አገኘ። ምን እንደሆኑ አላወቀም፤ ግን ቦታቸውን አንድ በአንድ ለክቶ መዘገባቸው። ምስጢሩን የፈቱት በ1859 ሃይደልበርግ የነበሩት ጉስታቭ ኪርሆፍና ሮበርት ቡንሰን ናቸው። ከጥቁሮቹ መስመሮች ሁለቱ የቆሙት ጨው በእሳት ላይ ሲነሰነስ በሚታየው ብጫ ቦታ ላይ ነበር። ፀሐይን የከበበው ጋዝ ውስጥ ሶዲየም አለ፤ ከሥር የሚመጣውን ብጫ ይውጠዋል፤ ወደ እኛ የሚደርሰው በዚያ ቦታ የጎደለ ብርሃን ነው። ሰው ሳይደርስበት የፀሐይን ማዕድን አወቀ ማለት ነው። ሁለቱ ሰዎች በዚሁ ብርሃንን የመበተን ዘዴ በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ሴዚየምንና ሩቢዲየምን አገኙ።

ከዚያ በኋላ ወደ ዘጠና ዓመት ገደማ ኬሚስቶች ብረቶችን በብርሃን የለኩት በአብዛኛው እንደ ገነፈለው ሽሮ ነው፤ የሚሰጠውን ብርሃን በማየት። የሚውጠውን ለመለካት ያሰበ ብዙ ሰው አልነበረም። ካሰቡት ጥቂቶች አንዱ አለን ዋልሽ ነው፤ ላንካሻየር የተወለደ እንግሊዛዊ ሲሆን በ1946 ወደ ሜልቦርን ሄዶ የአውስትራሊያ መንግሥት የምርምር ድርጅት ውስጥ ተቀጠረ። እዚያ በአንድ በኩል ብረቶች የሚሰጡትን ብርሃን ያጠናል፤ በሌላ በኩል ሞለኪውሎች የሚውጡትን ብርሃን ይለካል። በ1952 መጋቢት ወር አንድ እሑድ ጠዋት ቤቱ የጓሮ አትክልቱን ሲንከባከብ ሁለቱ ሥራዎች ጭንቅላቱ ውስጥ ተገናኙ። በማግስቱ ሰኞ ከመሥሪያ ቤቱ ሶዲየም መብራትና ነበልባል አገጣጥሞ፣ የጠዋቱ የሻይ ሰዓት ሳይደርስ ሐሳቡ እንደሚሠራ አረጋገጠ።

ዋልሽን ያሳመነው ቁጥር ይህ ነው፦ 1,700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆን እሳት ውስጥ ካሉ 100,000 የሶዲየም አቶሞች ውስጥ ጉልበት ተቀብሎ ብርሃን ለመስጠት የተዘጋጀው አንድ ብቻ ነው። 99,999ኙ ሥራ ፈትተው ቆመዋል። ለአብዛኞቹ ሌሎች ብረቶች ልዩነቱ ከዚህም ይብሳል። የድሮው ዘዴ ያቺን አንዷን ሲያሳድድ፣ ዋልሽ ግን ሥራ ፈተው ለቆሙት ብርሃን ይዞላቸው ሄደ። ቢሆንም በ1954 ሜልቦርን ላይ መሣሪያውን ለሕዝብ ሲያሳይ እዚህ ግባ የሚባል ጉጉት አላየም። ጽሑፉ በ1955 ወጣ። በዚያው ዓመት ሁለት የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች፣ አልከማደና ሚላትዝ፣ ተመሳሳይ ሐሳብ በራሳቸው መንገድ አሳተሙ። ሐሳቡ በየላብራቶሪው የሚገዛ ዕቃ እስኪሆን ግን 1960ዎቹን መጠበቅ ነበረበት።

ኬሚስቷ ከሣጥኑ ጎን አንድ በር ከፍታ መብራቷን አሳየችኝ። የጣት ውፍረት ያላት ጽዋ መሳይ ነገር ከመስታወት ቱቦ ውስጥ ተቀምጣለች። ጽዋዋ ራሷ ከብረት የተሠራች ናት፤ ዙሪያዋን የሞላው ጥቂት ኒዮን ነው። ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ የኒዮኑ ቅንጣቶች ጽዋዋን እየደበደቡ የብረት አቶሞችን ያስነሳሉ፤ የተነሱት አቶሞች ደግሞ የብረትን ብርሃን ብቻ ይሰጣሉ። ዓይን የሚያየው የኒዮኑን ብርቱካንማ ቀለም ነው። የሚፈለገው 248.3 ናኖ ሜትር ላይ ያለው ብርሃን ግን ከዓይን አቅም በታች ነው፤ አይታይም።

ተራ አምፖል ለምን አይበቃም? እኔም ተማሪ ሳለሁ ይህን ጠይቄ ነበር። አንድ አቶም የሚውጠው የብርሃን መስመር ስፋቱ የናኖ ሜትር ጥቂት ሺሕኛ ነው። ተራ አምፖል ሁሉንም ቀለም ስለሚሰጥ ከመሀሉ የጎደለችው ያቺ ቀጭን ፈትል አትታወቅም፤ ከአባይ አንድ ኩባያ ውሃ እንደ መቅዳት ነው። ዋልሽ የመለኪያውን ብርሃን ከሚለካው ብረት ራሱ እንዲወጣ አደረገና ችግሩን አቃለለው። በዚህ ምክንያት ብረት ለመለካት የብረት መብራት፣ እርሳስ ለመለካት የእርሳስ መብራት ያስፈልጋል። ማሽኑ አጠገብ ያለው መደርደሪያ ላይ መብራቶቹ ስማቸው ተጽፎባቸው ተደርድረዋል።

ቀጭኗ የላስቲክ ቱቦ ናሙናው ውስጥ ተነከረች። አየሩ ፈሳሹን እንደ ሽቶ መርጫ እየሳበ በደቃቁ ይረጨዋል። ከተረጨው ውስጥ እሳቱ ጋ የሚደርሰው ከአሥር እጅ አንዱ ቢሆን ነው፤ የቀረው በመውረጃው ወደ ጀሪካኑ ይመለሳል። እሳቱ ጋ የደረሰችው ጠብታ ከ2,000 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ውስጥ ትደርቃለች፤ ጨውዋ ይቀልጣል፤ ይተንናል፤ ብረቱ ከሌሎች ነገሮች ተላቆ ብቻውን አቶም ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ዓይን ሳይጨፈን ነው። በዚያች ቅጽበት የመብራቷ ብርሃን በእሳቱ ርዝመት ሲያልፍ የብረት አቶሞቹ የድርሻቸውን ይውጣሉ። ማዶ ያለው መሣሪያ ሌላውን ቀለም አጣርቶ ያስወግድና የቀረውን ይለካል። መብራቷ በፍጥነት ስለምትርገበገብ ማሽኑ የሚቆጥረው የሚርገበገበውን ብርሃን ብቻ ነው፤ የእሳቱ የራሱ ብርሃን አይቆጠርም።

እንግዲህ ሕጉ ቀላል ነው። ብረቱ በበዛ ቁጥር የሚዋጠው ብርሃን ይጨምራል። ነገር ግን ማሽኑ በራሱ "ይህን ያህል ሚሊግራም" ብሎ አያውቅም። ኬሚስቷ መጠኑ የታወቀ ብረት ያለባቸውን ፈሳሾች፣ በላብራቶሪ ቋንቋ ስታንዳርዶችን፣ በቅደም ተከተል አስነበበችው። በሊትር 1 ሚሊግራም፣ 2፣ ከዚያ 4። ነጥቦቹ በቀጥታ መስመር ላይ ተሰለፉ። ቀጥላ ጤፍ የሌለበት፣ ግን በዚያው አሲድና በዚያው ብርጭቆ ያለፈ ውሃ ሰጠችው። ይህ ብላንክ ይባላል። ብላንኩ ላይ የሚታይ ብረት ሁሉ የአሲዱ፣ የብርጭቆው ወይም የሠሪው እጅ ነውና ከውጤቱ ይቀነሳል። እኔ ብላንክ የሌለውን የብረት ቁጥር አላምንም፤ ማንም እንዲያምን አልመክርም።

ከዚያ የአክስቴ ጤፍ ተራ ደረሰ። መጀመሪያ የታጠበው። ቀጥሎ ያልታጠበው፤ ቁጥሩ ዘለለ። ኬሚስቷ ቱቦዋን ወደ ተጣራው ውሃ መልሳ፣ ዜሮ አድርሳ፣ ሁለቱንም ደግማ አስነበበች። ያው ነው። አንድ ጤፍ፣ አንድ ማሳ፣ ሁለት ቁጥር።

የአገራችን የጤፍ ብረት ታሪክ እዚህች ልዩነት ላይ የቆመ ነው። የታተሙ ጥናቶችን ያገላበጠ ሰው በ100 ግራም ጤፍ ውስጥ ከ10 ሚሊግራም ያነሰ ብረት የሚል ያገኛል፤ በተለይ ለቀይ ጤፍ ከ150 ሚሊግራም የሚበልጥ ቁጥርም ያገኛል። በአንድ እህል ላይ ከአሥር እጥፍ በላይ የሚለያይ ቁጥር ሲመጣ ማሽኖቹ ተሳስተዋል ማለት ይቀላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን አልተሳሳቱም። የብረት አቶም ከጤፉ ፍሬ ይምጣ፣ ከአውድማው አፈር ይምጣ፣ እሳቱ ውስጥ ሲገባ ያው 248.3 ናኖ ሜትር ይውጣል። ማሽኑ የመጣበትን አይጠይቅም።

ነገሩን በስሌት እንየው። የምድር ቅርፊት ወደ አምስት በመቶ ብረት ነው። አንድ ኪሎ ጤፍ ላይ አንድ ግራም እንዲህ ያለ አፈር ቢጣበቅ 50 ሚሊግራም ብረት ይጨምራል፤ በ100 ግራም 5 ሚሊግራም ማለት ነው። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የምግብ ሠንጠረዥ ለጤፍ የሚሰጠው 7.6 ሚሊግራም ስለሆነ፣ በሁለት ጣት የሚቆነጠር አቧራ ቁጥሩን ወደ 12.6 ያደርሰዋል ማለት ነው። የጤፍ ፍሬ ደግሞ አቧራ የሚያነሳ እህል ነው። ትንሽ በመሆኑ በክብደቱ ልክ ሲታይ ከስንዴም ከበቆሎም ሰፋ ያለ ገላ አለው፤ የሚወቃው መሬት ላይ፣ በከብት እግር ሥር ነው።

ይህን ጉዳይ በኢትዮጵያ የሠሩ ተመራማሪዎች ቀደም ብለው አንስተውታል። እ.ኤ.አ. በ1968 ስዊድናዊው ሐኪም ኢንግቬ ሆፍቫንደር የኢትዮጵያውያንን ደም ከከፍተኛ የብረት አመጋገባቸው ጋር አያይዞ ያጠናውን ሥራ አሳተመ። በ1980 ደግሞ በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ የጤፍን የብረት ይዘት በጥርጣሬ ዓይን የመረመረ ጽሑፍ ወጣ፤ የአፈሩ ብረት ሲቀነስ የጤፍ ቁጥር በእጅጉ እንደሚወርድ አሳየ። ይህ ማለት ጤፍ ብረት የለውም ማለት አይደለም። ያ የአሜሪካው 7.6 እንኳ በዚያው ሠንጠረዥ ከስንዴው እጥፍ ይሆናል። የአክስቴ እናት የተናገሩት መሠረት አለው።

ታዲያ ለምን ይህን ያህል እንጨነቃለን? እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 እስከ 59 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት 57 በመቶው፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶው የደም ማነስ እንዳለባቸው መዝግቧል። የአፈር ብረት አብዛኛው ኦክሳይድ ስለሆነ ሰውነት ከእርሱ የሚወስደው ጥቂት ነው። የፍሬው ብረትም ቢሆን ፋይቴት በሚባል ንጥረ ነገር ተይዟል፤ እርሾ ተጥሎ ሊጡ ሲቦካ ፋይቴቱ ስለሚቀንስ ብረቱ ይፈታል። ለአንዲት ነፍሰ ጡር "እንጀራ ከበላሽ ብረት ይበቃሻል" የሚል ሰው የትኛውን ቁጥር ይዞ እንደሚናገር ማወቅ አለበት። ቁጥሩ የአውድማው ከሆነ ሴትየዋ በወረቀት ላይ ጠግባ በደሟ ትራባለች።

"አፈር መሆኑን በምን ታረጋግጪያለሽ? በእጣቢው ቀለም ብቻ?" አልኳት።

"የለም ጋሼ፤ በዚሁ ማሽን" አለች።

የብረቱን መብራት አውጥታ የአሉሚኒየም መብራት አስገባች። አፈር ውስጥ አሉሚኒየም ሞልቷል፤ የምድር ቅርፊት ከስምንት በመቶ የማያንሰው እርሱ ነው። አብዛኛው ሰብል ግን ወደ ፍሬው የሚያስገባው በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ እህል ላይ ብዙ አሉሚኒየም ከታየ አፈር ተከትሎ መጥቷል። ችግሩ አሉሚኒየም ከኦክስጅን ጋር አጥብቆ ይያያዛል፤ ተራው የአየርና የአሲቲሊን እሳት አያላቅቀውም። የበረታ እሳት ይፈልጋል። ኬሚስቷ የነበልባል ማውጫውን 5 ሴንቲ ሜትር ስንጥቅ ባለው ቀይራ፣ በአየር ለኮሰችውና ወደ ናይትረስ ኦክሳይድ አዞረችው፤ ሐኪም ቤት ለማደንዘዣ የሚጠቀሙበት ያው ጋዝ ነው። ድምፁ ወደ ጉርምርምታ ተለወጠ። ከሰማያዊው በላይ ጽጌረዳማ ላባ የመሰለ እሳት ቆመ፤ ሙቀቱ ወደ 2,800 ዲግሪ ይጠጋል። በዚህ እሳት ማንም አይቀልድም፤ ሲጠፋም መጀመሪያ ወደ አየር ተመልሶ ነው።

በ309.3 ናኖ ሜትር የታጠበው ጤፍ ከብላንኩ ብዙም አልራቀም። ያልታጠበው ከፍ አለ። ብረቱ የጨመረበት ናሙና አሉሚኒየሙም ጨምሯል፤ ሁለቱ አንድ ላይ የመጡት ከአፈሩ ነው።

ይኸው ማሽን ለሌላም ይውላል። ከአቃቂ ወንዝ በመስኖ የሚበቅል ጎመንና ሰላጣ ውስጥ ያለ ካድሚየምና እርሳስ በዚህ ዘዴ ተለክቷል። ለመጠጥ ውሃ እርሳስ ግን ይህ እሳት አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው፤ አንድ ግራም እርሳስ አሥር ሺሕ ሊትር በሚይዙ አሥር የውሃ ቦቴዎች ውስጥ ቢሟሟ ማለት ነው። ለዚያ ቦሪስ ልቮቭ በ1950ዎቹ መጨረሻ ሌኒንግራድ ላይ የጀመረው የግራፋይት ምድጃ አለ፦ በእሳት ፋንታ በኤሌክትሪክ የሚግል ትንሽ የካርቦን ቱቦ፤ ከአንድ ጠብታ ያነሰ ናሙና ይበቃዋል፤ አቶሞቹም ከእሳቱ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ብርሃኑ መንገድ ላይ ይቆያሉ።

ቅዳሜ ዕለት አክስቴ ቤት ተመልሼ ሄድኩ። ከብረቱ ግማሹ የጤፉ፣ ግማሹ የአውድማው እንደሆነ ስነግራት አልተቆጣችም። አንድ ኪሎ ያህል ጤፍ ከከረጢቱ ሰፍራ ሰፌዷ ላይ ገለበጠች፤ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ማንገዋለል ጀመረች። ቀጥላ በወንፊት ነፋችው። ስትጨርስ ከወንፊቱ ሥር ባነጠፈችው ነጭ ጨርቅ ላይ የተጠራቀመውን ግራጫ ዱቄት በሁለት ጣቷ ቆንጥራ ወደ ብርሃኑ አነሳችው።

"ይህ ስንት ይመዝናል?" አለች።

ከደብተሬ አንድ ገጽ ቀድጄ አጠፍኩላት፤ አቧራውን አፈሰሰችበትና ራሷ አጣጥፋ ኪሴ ከተተችው።